ፉጂፊልም ኤክስ100፦ የጥንት መልክ የያዘው ዲጂታል ካሜራ ጠንካራና ደካማ ጎኖች

ፎቶግራፍ ማንሳት ዛሬ በአብዛኛው ከሞባይል ስልክ ጋር የተቆራኘ ተግባር ሆኗል። ሠርግም ሆነ ምርቃት፣ የደረሰ ሰብልም ሆነ የታመመ ቅጠል፣ ሁሉም በኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ይነሣል። በዚህ ዘመን ከስልክ የሚከብድ፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራና ዋጋው ቀላል ያልሆነ አነስተኛ ካሜራ ገዢ ማግኘቱ ሊያስገርም ይችላል። ይሁንና በጃፓኑ ፉጂፊልም ኩባንያ የሚመረተው የኤክስ100 ካሜራ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስድስት ትውልድ ደርሷል፤ ተፈላጊነቱም ከዓመታት በኋላ ይበልጥ ጨምሯል።

ካሜራው በመልኩ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን የፊልም ካሜራዎች ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሙሉ በሙሉ ዲጂታል ነው። በዚህ ምክንያት ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለመልኩ ነው ወይስ ለሥራው የሚል ጥያቄ ይነሣል። ካሜራ ለማስታወሻም ሆነ ለእንጀራ የሚገዛ ሰው ይህን ጥያቄ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቢመልስ ይበጀዋል፤ የኤክስ100 ብርታትና ድክመት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ በመሆናቸው አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልምና።

አመጣጡ

ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ1934 የፎቶግራፍ ፊልም አምራች ሆኖ የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ከ2000 በኋላ ዲጂታል ካሜራ የፊልምን ገበያ ሲያደርቀው ብዙዎቹ የዘርፉ ኩባንያዎች ተናግተዋል። የአሜሪካው ኮዳክ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 የኪሳራ ሕግ ከለላ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ፉጂፊልም በበኩሉ ሥራውን ወደ ሕክምና መሣሪያዎች፣ ወደ መዋቢያ ምርቶችና ወደ ሌሎች ዘርፎች በማስፋት ጉዳቱን ተቋቁሟል፤ በፊልም ዘመን ያካበተውን የቀለም እውቀትም ወደ ዲጂታል ካሜራ አሻግሯል።

ኤክስ100 ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2010 በጀርመኗ ኮሎኝ ከተማ በተካሄደው የፎቶኪና ዐውደ ርእይ ወቅት ነው። ንድፉን የመራው የኩባንያው ባለሙያ ማሳዙሚ ኢማይ ነው። ካሜራው በ2011 መጀመሪያ ላይ ለገበያ ሲቀርብ የአሜሪካ መሸጫ ዋጋው ወደ 1,200 ዶላር ይጠጋ ነበር። በዚያው ወቅት፣ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011) ሰሜን ምሥራቅ ጃፓንን የመታው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ካሜራው የሚመረትበትን አካባቢ ስለነካ ምርቱ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

አካሉና አሠራሩ

የመጀመሪያው ኤክስ100 ባትሪና ሜሞሪ ካርድ ገብቶለት 445 ግራም ይመዝናል። የላይኛውና የታችኛው ሽፋኑ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ነው። ሌንሱ ከአካሉ አይነቀልም፤ ዙም የለውም።

የካሜራው ልብ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሴንሰር ነው። ስፋቱ 23.6 በ15.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በተለመዱት የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ከነበረው ሴንሰር ከ13 እጥፍ በላይ ይሰፋል። የመጀመሪያው ሞዴል የምስል ጥራት 12.3 ሜጋፒክስል ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የመስኖ ቦይን ማሰብ ይጠቅማል። ወደ ማሳ የሚገባው ውኃ መጠን በሁለት ነገሮች ይወሰናል፦ የቦዩ በር ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ለምን ያህል ጊዜስ ተከፍቶ ይቆያል። በካሜራም እንዲሁ ነው። አፐርቸር የሚባለው የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ የበሩ ስፋት ነው፤ የሸተሩ ፍጥነት ደግሞ በሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አይኤስኦ የሚባለው ሦስተኛ ማስተካከያ ካሜራው የተቀበለውን ብርሃን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚጠቀም ይወስናል። አይኤስኦ ሲጨምር በጨለማ ማንሳት ይቻላል፤ ምስሉ ግን እየሻከረ ይሄዳል።

በብዙ ዲጂታል ካሜራዎች እነዚህ ማስተካከያዎች በስክሪን ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። በኤክስ100 ግን አፐርቸሩ በሌንሱ ዙሪያ ባለ ቀለበት ይመረጣል፤ የሸተሩ ፍጥነት በካሜራው አናት ላይ ባለ ዘውድ መሰል መዘውር ይወሰናል፤ ሌላ አነስተኛ መዘውር ደግሞ ምስሉን ለማፍካት ወይም ለማጥቆር ያገለግላል። ሁለቱን ዋና ማስተካከያዎች "ኤ" በሚለው ፊደል ላይ ያደረገ ሰው ካሜራው ራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል ማለት ነው።

ጠንካራ ጎኖቹ

የመጀመሪያው ብርታት የምስል ጥራቱ ነው። ሰፊው ሴንሰርና እስከ ኤፍ 2 የሚከፈተው ሌንስ ብዙ ብርሃን ስለሚያስገቡ በምሽት፣ በቤት ውስጥ ወይም በሻማ ብርሃን ያለ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል። ቀዳዳው ሰፍቶ ሲከፈት ከሰውየው በስተጀርባ ያለው ነገር ስለሚደበዝዝ ፊቱ ጎልቶ ይወጣል። ስልኮች ይህን በሶፍትዌር ያስመስሉታል፤ በዚህ ካሜራ ግን የሌንሱ ተፈጥሯዊ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ለካሜራው ዝናን ያተረፈለት ጥምር መመልከቻ ነው። ከፊት ለፊት ያለችው አነስተኛ ማንሻ ስትነካ ዓይን የሚያየው ይለወጣል። በአንደኛው አማራጭ ተጠቃሚው በመስታወት በኩል ትዕይንቱን እንዳለ እያየ፣ ከላዩ ላይ የፎቶውን ወሰንና አስፈላጊ ቁጥሮችን ያነባል። በሁለተኛው አማራጭ በኤሌክትሮኒክ ስክሪን ሌንሱ የሚያየውን ምስል ያያል። መስታወቱ ከፎቶው ወሰን ውጭ ያለውንም ስለሚያሳይ አንድ ሰው ወደ ምስሉ ሊገባ ሲል አስቀድሞ ማየት ይቻላል። በጠራራ ፀሐይ የስልክ ስክሪን አልታይ ሲል ዓይንን ከመመልከቻው ላይ ማሳረፍ ትልቅ እፎይታ ነው።

ሦስተኛው በሌንሱ ውስጥ የተገጠመው ሸተር ነው። ድምፁ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ በጸሎት ወይም በለቅሶ ስፍራ አይረብሽም። ከዚህም በላይ ፍላሽን ከፈጣን የሸተር ፍጥነት ጋር ለማሠራት ያስችላል። ሌንሳቸው የሚነቀል አብዛኞቹ ካሜራዎች ፍላሻቸው የሚጣጣመው እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ባለው ፍጥነት ነው፤ ይህኛው ግን ከዚያ እጅግ ፈጥኖ ይሠራል። በቀትር ፀሐይ በባርኔጣ ጥላ የተሸፈነን ፊት በፍላሽ ለማፍካት ይህ ችሎታ ቀላል ጥቅም አይደለም።

አራተኛው ለብርሃን እንደ መነጽር የሚያገለግል የውስጥ ማጣሪያ ነው። ሲበራ ወደ ሴንሰሩ የሚገባውን ብርሃን ወደ አንድ ስምንተኛ ይቀንሰዋል። በዚህም በብርቱ ፀሐይ ጊዜ እንኳ ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ መክፈት ይቻላል።

አምስተኛው የብርሃን ማረሚያ መዘውሩ ነው። የማንኛውም ካሜራ የብርሃን መለኪያ ትዕይንቱ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ነጭ ጋቢ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ክፈፉን ሲሞላው መለኪያው "ብርሃኑ በዝቷል" ብሎ ስለሚቀንስ ፊቱ ጠቁሮ ይወጣል። መዘውሩን ወደ መደመር ምልክት በአንድ እርከን ማዞር ይህን ያርመዋል። መዘውሩ በአውራ ጣት ሥር ስለሚገኝ እርማቱ ከአንድ ሰከንድ በላይ አይወስድም።

በመጨረሻም የቀለም አያያዙ ይጠቀሳል። ካሜራው ፕሮቪያ፣ ቬልቪያና አስቲያ የተባሉትን የኩባንያውን ፊልሞች ቀለም እንዲሁም ጥቁርና ነጭን የሚያስመስሉ አማራጮች አሉት። ፎቶው ከካሜራው እንደወጣ ያለ ኮምፒውተር እርማት ለኅትመት ሊደርስ ይችላል።

ደካማ ጎኖቹ

የመጀመሪያው ሞዴል ዋነኛ ድክመት ዝግታው ነበር። ራሱን በራሱ የሚያስተካክለው ፎከስ ብርሃን ሲደበዝዝ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲፈልግ ጊዜ ያባክናል፤ የሚሮጥ ሕፃንም ሆነ የሚጋልብ ፈረሰኛ አይጠብቀውም። በእጅ ፎከስ ማድረግም አድካሚ ነበር፤ ቀለበቱ ሌንሱን በቀጥታ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር አማካይነት ስለሚያንቀሳቅስ ብዙ ዙር ማዞር ያስፈልጋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ያወጣው የውስጥ ሶፍትዌር ማሻሻያ ፎከሱን አፍጥኖታል፤ ፎከስ የሆነውን የምስሉን ጠርዝ በቀለም የሚያሳይ አጋዥም ጨምሮለታል።

ሁለተኛው ድክመት የሌንሱ አለመለወጥ ነው። ሌንሱ በፊልም ካሜራ አለካክ ከ35 ሚሊ ሜትር ጋር የሚመጣጠን እይታ አለው። ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ወርዱ ሦስት ሜትር፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ የሚሆን ቦታ ይይዛል። ይህ ከእነ አካባቢው ለሚነሣ አንድ ሰው ወይም ለአነስተኛ ቤተሰብ ተስማሚ ነው። ነገር ግን ከ50 ሜትር ርቀት የሚነሣ የእግር ኳስ ተጫዋች በምስሉ ውስጥ ትንሽ ነጥብ ያህል ይሆናል። ከሌንሱ ፊት የሚታሰሩ ማስፊያና ማቅረቢያ ተጨማሪ ሌንሶች ቢኖሩም ክብደትና ወጪ ይጨምራሉ፤ ሩቁን የማቅረብ ችግርንም ሙሉ በሙሉ አይፈቱም።

ሦስተኛው ቅርብ ነገርን ሲያነሣ የሚታየው ልስላሴ ነው። በቅርብ ማንሻ አማራጩ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ድረስ መጠጋት ይቻላል። ይሁን እንጂ ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2 ተከፍቶ ሲጠጉ ምስሉ ጭጋግ የሸፈነው ይመስላል። የስንዴ ዋግ የመታውን ቅጠል ለባለሙያ ለማሳየት የሚያነሣ ሰው ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ማጥበብ ይኖርበታል። በቅርብ ርቀት በመስታወቱ የሚታየውና ሌንሱ የሚይዘው ቦታ ስለሚለያይም ኤሌክትሮኒክ መመልከቻውን መጠቀም ግድ ነው።

አራተኛው አቧራና ውኃ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሞዴሎች ከአቧራና ከዝናብ የሚከላከል መዝጊያ የላቸውም። ሌንሱ ስለማይነቀል አቧራ እንደ ልብ አይገባም፤ አንዴ ከገባ ግን ባለቤቱ ራሱ ሊያጸዳው አይችልም፤ ካሜራውን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው። እህል ሲወቃ በአውድማ ላይ የሚነሣው እብቅና በበጋ የጥርጊያ መንገድ ላይ የሚነሣው አቧራ ለዚህ ካሜራ ጠላት ናቸው።

አምስተኛው በመጀመሪያው ሞዴል ላይ በስፋት የታወቀው የአፐርቸር ቅጠሎች መጣበቅ ነው። ቀዳዳውን የሚያጠቡት ስስ ቅጠሎች ሲጣበቁ ሌንሱ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከቤት ውጭ የሚነሣ ፎቶም እጅግ ነጥቶ ይበላሻል። ጥገናው የሌንሱን ክፍል መቀየር ሊጠይቅ ይችላል።

ከእነዚህ ሌላ ትናንሽ የሚመስሉ ግን በሥራ ላይ የሚያስቸግሩ ጉዳዮች አሉ። የብርሃን ማረሚያው መዘውር ከቦርሳ ሲወጣ ሳይታሰብ ሊዞር ይችላል። ባትሪው ተገልብጦም መግባት ስለሚችል ካሜራው የተበላሸ መስሎ ሊያስደነግጥ ይችላል። ባትሪው አንዴ ሲሞላ የሚያስነሣው ወደ 300 ፎቶ ነው፤ ለሙሉ ቀን ሠርግ መለዋወጫ ባትሪ መያዝ የግድ ነው። ቪዲዮውም በ720 መስመር ጥራት የተወሰነ በመሆኑ ዛሬ ርካሽ ስልክ እንኳ ይበልጠዋል።

ተከታዮቹ ሞዴሎች

ኩባንያው መልኩንና መሠረታዊ አሠራሩን ሳይለውጥ ድክመቶቹን አንድ በአንድ ለማረም ሞክሯል። በስሞቹ መጨረሻ ያሉት ፊደላት ኤስ፣ ቲና ኤፍ "ሁለተኛ"፣ "ሦስተኛ" እና "አራተኛ" የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የሮማውያን ቁጥሮች ናቸው።

ኤክስ100ኤስ (2013)፦ 16.3 ሜጋፒክስል። በሴንሰሩ ላይ የተሠራ የፎከስ መለኪያ ስላለው ከመጀመሪያው ሞዴል ጉልህ በሆነ ሁኔታ ይፈጥናል።

ኤክስ100ቲ (2014)፦ ፎቶን ወደ ስልክ በዋይፋይ ይልካል። ፍጹም ድምፅ አልባና እስከ 1/32000 ሰከንድ የሚፈጥን የኤሌክትሮኒክ ሸተር ተጨምሮለታል።

ኤክስ100ኤፍ (2017)፦ 24.3 ሜጋፒክስል። የባትሪው ዓይነት በተሻለ ተተክቷል፤ የፎከስ ነጥብን ለመምረጥ የምትረዳ አነስተኛ ዘንግ ተጨምራለች።

ኤክስ100ቪ (2020)፦ 26.1 ሜጋፒክስል። ሌንሱ እንደ አዲስ በመነደፉ የቅርብ ምስል ልስላሴው በእጅጉ ቀንሷል። ስክሪኑ ይታጠፋል። ከሌንሱ ፊት ተጨማሪ ቀለበትና መስታወት ሲታሰርለት ካሜራው አቧራንና ካፊያን ይቋቋማል። በዩኤስቢ-ሲ ገመድ ስለሚሞላ የስልክ ፓወር ባንክ ያገለግለዋል።

ኤክስ100ቪአይ (2024)፦ 40.2 ሜጋፒክስል። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ መሣሪያ በውስጡ ተገጥሞለታል። ክብደቱ 521 ግራም ሲደርስ፣ ሲወጣ የአሜሪካ መሸጫ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር።

አምስተኛው ትውልድ ከወጣ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በቲክቶክና በሌሎች ማኅበራዊ መገናኛዎች ላይ ዝናው ገኖ ካሜራው ከገበያ እስከ መጥፋት ደረሰ፤ ያገለገለው ከአዲሱ ይፋዊ ዋጋ በላይ የተሸጠበት ጊዜም ነበር። ይህ ለገዢ ትምህርት ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ወቅት ዋጋው የሚናገረው የካሜራውን ችሎታ ሳይሆን የፈላጊውን ብዛት ነው።

ያገለገለ ለሚገዛ ሰው

ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የሚላክ ወይም በከተማ ገበያ የሚገኝ ኤክስ100 ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ነው። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይገባል።

አንደኛ፣ የአፐርቸር ቅጠሎቹን መፈተሽ። የሸተሩን መዘውር "ኤ" ላይ አድርጎ፣ ከቤት ውጭ አንድን ትዕይንት በኤፍ 2 እና በኤፍ 8 ማንሳት።  በኤፍ 8 የተነሣው ነጥቶ ከወጣ ቅጠሎቹ ተጣብቀዋል።

ሁለተኛ፣ አቧራ መኖሩን ማየት። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 16 አጥብቦ ንጹሕ ሰማይን ወይም ነጭ ግድግዳን ማንሳት። ቦታቸውን የማይለቁ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ከታዩ አቧራው በውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ የመመልከቻውን ማንሻ ደጋግሞ መሞከር፤ መስታወቱም ኤሌክትሮኒኩም ሳይዘገዩ መለዋወጥ አለባቸው።

አራተኛ፣ ባትሪውንና ቻርጀሩን ማየት። የመጀመሪያው ሞዴል ያለ ራሱ ቻርጀር ጥቅም የለውም፤ ያበጠ ባትሪም ፈጽሞ መወሰድ የለበትም።

አምስተኛ፣ ጥገና የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ማሰብ። መለዋወጫውና ባለሙያው በቅርብ ከሌሉ ርካሽ የመሰለው ካሜራ ውድ ይሆናል።

"ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል" እንደሚባለው፣ ካሜራው ከተገዛም በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው አያያዙ ነው። በሌንሱ ፊት መከላከያ መስታወት ማሰር፣ በማይሠራበት ጊዜ በተዘጋ ቦርሳ ማስቀመጥ፣ አቧራን በልብስ ከማሸት ይልቅ በአየር መንፊያ ማራገፍ ለረጅም አገልግሎት ያበቃዋል።

ለማን ይሆናል?

ሰብልን፣ ከብትንና የማሳ ሁኔታን እየመዘገበ ለባለሙያ መላክ ለሚፈልግ አርሶ አደር ጥሩ ስልክ ይበቃዋል፤ ቅርቡን አጥርቶ ያነሣል፣ ወዲያውም ይልካል። ሠርግና ስብሰባ እያነሣ ለሚተዳደር ባለሙያ ደግሞ ሌንሱ የሚለወጥ ካሜራ ይሻለዋል፤ ሩቁንም ቅርቡንም ማንሳት ግዴታው ነውና። ኤክስ100ን እንደ ሁለተኛ ካሜራ ቢይዘው ግን አይጸጸትም።

ኤክስ100 የሚስማማው የሰዎችን የዕለት ሕይወት፣ የገበያንና የመንደርን እንቅስቃሴ በእርጋታና በቅርብ ሆኖ ለመመዝገብ ለሚሻ ሰው ነው። ዙም ስለሌለው አንሺው በእግሩ እንዲጠጋ ያስገድደዋል፤ መዘውሮቹ ብርሃንን እንዲያነብ ያስተምሩታል፤ ዝምታው ደግሞ ሰዎች እንደልባቸው እንዲሆኑ ይተዋቸዋል። በአንጻሩ ፍጥነትን፣ ርቀትንና ቪዲዮን የሚሻ ሰው በዚህ ካሜራ ቢበሳጭ ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። የጥንት መልኩ ዓይን ይስባል፤ ዋጋውን የሚመልሰው ግን ባለቤቱ ከአንገቱ ሳያወርድ በየዕለቱ ሲሠራበት ነው።